«መሬቱ ባዶ ነበር» ሲባል ወሩ ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ አዋሽ ሸለቆ የድሮ እርሻ ካምፖች በሚጻፉ ትዝታዎች ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «አባቶቻችን ሲመጡ መሬቱ ባዶ ነበር፤ ቁጥቋጦና አውሬ፣ ወባና ሐሩር ብቻ።» ከወሎ ደጋ ለጥጥ ለቀማ ወርደው ዱብቲ የቀሩ፣ ከወላይታና ከከምባታ ለሸንኮራ አገዳ ቆረጣ መጥተው መተሐራ ትዳር የመሠረቱ፣ አሚባራ ላይ በትራክተር ነጂነትና በውኃ አጠጪነት ያረጁ ሰዎች ልጆች ይህንን ከወላጆቻቸው አፍ ሰምተውታል። የፈጠሩት ነገር የለም። ስለዚያው መስክ የአፋር ሽማግሌ ሲጠየቅ ደግሞ የትኛው ጎሳ በየትኛው ጥላ ሥር ይሰፍር እንደነበር፣ የጥጃው በረት የት፣ የግመሉ መዋያ የት እንደነበረ እየቆጠረ ይነግራችኋል። እሱም የፈጠረው ነገር የለም።

ሁለቱ ትዝታዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢ አንዱን ወገን ውሸታም ማድረግ ይቀናዋል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ስሕተቱ ያለው ከተናጋሪዎቹ ሳይሆን ከአጠያየቁ መሆኑን ለማሳየት ነው። ጠያቂው «መቼ መጡ?» ይላል፤ መላሹ «በሃምሳ ስድስት» ይላል፤ ተጽፎ ያልቃል። በአዋሽ ሸለቆ ግን ዓመቱ ብቻውን የሚነግረን ጥቂት ነው። ወሩ ነው ነገሩን የሚፈታው።

አፋር ዓመቱን በዝናብና በድርቀት ይከፍለዋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ዋናው ዝናብ ካርማ ይባላል። ከዚያ ቀዝቀዝ ያለው በጋ፣ ጊላል፣ ይገባል፤ በመሀሉ ዳዳ የምትባል አጭር ዝናብ ጣል ታደርጋለች። መጋቢትና ሚያዝያ ሱጉም ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ሐጋይ፣ ምድር የሚነድበት ጊዜ። በካርማ አዋሽ ከአፉ ሞልቶ ዳርቻውን ይውጠዋል። ትንኙና ዝንቡ ከብት አያስቆምም፤ ጭቃው ግመል ያንሸራትታል። ከወንዙ ርቀው ያሉ ሜዳዎች፣ ለምሳሌ አሊዴጌ፣ በዚያው ዝናብ ሣር ስለሚያበቅሉ መንጋው ወደነሱ ይወጣል። የሜዳው ሣርና የኩሬው ውኃ ሲያልቅ፣ ጎርፉ ሸሽቶ እርጥበቱን ወደተወበት ወንዝ ዳር ይመለሳል። ያ ወንዝ ዳር ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የሚደረስበት የመጨረሻው ጎተራ ነበር። በነሐሴ ቆሞ ያየው እንግዳ ሰው የሌለበት ለምለም መስክ አየ፤ በጥር ያየው ደግሞ በከብትና በጎጆ የተሞላ ሰፈር አየ።

አሁን የጥጡን ሥራ በዚህ ላይ አስቀምጡት። በመካከለኛው አዋሽ ጥጥ የሚዘራው በግንቦትና በሰኔ ገደማ ነው፤ የሚለቀመው ከጥቅምት አንሥቶ እስከ ጥር። ስለዚህ ለቃሚው ካምፕ የሚገባበት ጊዜና መንጋው ከሜዳ የሚመለስበት ጊዜ ይገጥማሉ። በለቃሚው ቤተሰብ ትዝታ «አፋሮች ከብት እየነዱ ማሳው ላይ መጡብን» ተብሎ የቀረው፣ በአፋሩ ቤተሰብ ዘንድ «ስንመለስ ሰፈራችን ታርሶ ጠበቀን» ተብሎ ቀርቷል። ያ አንድ ሳምንት፣ ምናልባትም አንድ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ወሩ ካልተጠየቀ ግን ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን የሚያውቅ አይኖርም።

ሰው ከ50 እና ከ60 ዓመት በኋላ የወር ስም አያስታውስም፤ ስለዚህ ወሩን በስሙ አትጠይቁት። «አባባ፣ ካምፑ ሲገቡ መስቀል አልፎ ነበር? ገናን የት ዋሉ? ጥጡ አበባ ላይ ነበር ወይስ ፈንድቷል? ወንዙን በምን ተሻገራችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈንድቶ ከሆነ ጥቅምት ገብቷል። ወንዙን በእግር ከተሻገሩት ካርማ አይደለም። ለአፋር አረጋዊ «ካርማ ዘንቦ ነበር? ግመሎቹ የት ነበሩ? ጥጆቹ ጡት ጥለው ነበር?» የሚለው ይሻላል። ረመዳን ወይም ዓረፋ ከተጠቀሰ ያለ ስሌት ወደ ወር አትቀይሩት። የሂጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን በመሆኑ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል፤ ወደነበረበት ወር የሚመለሰው በ33 ዓመት ገደማ ነው። የድሮን ረመዳን በዘንድሮው ወር መገመት ወቅቱን ሊገለብጠው ይችላል።

የዓመት ስሌቱም የራሱ ወጥመድ አለው። የእርሻ ድርጅቶቹ ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሠራተኛው ትዝታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። የጥጥ ለቀማ በሁለቱ መካከል ስለሚውል በጅምላ 8 የሚቀንስ ሰው የአንድን ለቀማ ወቅት ለሁለት ዓመት ይከፍለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ተናጋሪው ያለውን እንዳለ ጻፉ፤ የተቀየረውን በቅንፍ ከጎኑ አድርጉ፤ የመጀመሪያውን አትሰርዙ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የመቅረጫው ሰዓት በፈረንጅ፣ የተናጋሪው በሀገር ቤት ከሆነ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል።

ዓመቱን ለማጥበብ በእጅ የሚያዝ አንድ ገጽ የድርጊቶች ሰሌዳ ይዘጋጅ። ለሸለቆው የሚያገለግሉ ምልክቶች አሉ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የቆቃ ግድብ በ1952 ተጠናቀቀ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ተቋቋመ፤ የተንዳሆ የጥጥ እርሻም በእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ተመሥርቶ በ1961 በሕግ ተከለለ፤ 756 ካሬ ኪሎ ሜትሩ የከረዩና የአፋር ግጦሽ ነበር። 1965 እና 1966 የረኀብ ዓመታት ናቸው። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ወጣ፤ የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም በዚያው ዓመት ተሰደዱ፤ የተመለሱት በ1983 ነው። በአፋር የዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት የተሰነጠቀው በመስከረም 1998 ነው። «ልጅህ የተወለደው ሱልጣኑ ሳይሰደዱ ነው ወይስ በኋላ?» የሚል ጥያቄ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከሚለው ይልቅ መልስ ያገኛል። ሰሌዳውን ግን ለተናጋሪው አታንብቡለት፤ የምታነቡለት ከሆነ ትዝታው በሰሌዳው ቅርጽ ይመጣል። መጀመሪያ እንደፈቀደው ይናገር፣ ከዚያ ሰሌዳው ይውጣ።

ስለ ጥያቄ አጠያየቅ አፋር ራሱ ከማንም የተሻለ ሥርዓት አለው፤ ዳጉ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ የት ዘነበ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ማን ሞተ፣ ማን ተጣላ። የሚናገረው ሰው በዐይኑ ያየውንና የሰማውን ይለያል፤ የሰማውን ከማን እንደሰማ፣ ያ ሰው ራሱ አይቶ እንደሆነ ይናገራል። የሐሰት ዳጉ ማቀበል የሚያሳፍርና የሚያስቀጣ ነገር ነው። ብዙ ጠያቂዎች ይህን የባህል ጌጥ አድርገው ይጠቅሱታል እንጂ አይሠሩበትም። በሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ነው፦ ጠያቂው ቁጭ እንዳለ መቅረጫውን አውጥቶ መጠየቅ አይጀምርም። መጀመሪያ የራሱን ዳጉ ይሰጣል፤ ከየት እንደመጣ፣ መንገዱ ላይ ምን እንዳየ፣ ለምን እንደመጣ፣ የላከው ማን እንደሆነ። ይህ ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ አታሳጥሩት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ነገር ሲነገር «አየኸው? ሰማኸው? ከማን?» ብሎ መጠየቅ ለአፋር አረጋዊ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ ለለመደው ሥርዓት መታመን ነው። ጽሑፉ ሲዘጋጅም በጠርዙ ላይ ሦስት ምልክት ይደረግ፦ ያየ፣ ካየ የሰማ፣ ከሰማ የሰማ።

ይኸው ሥርዓት ለሰፋሪው ቤተሰብ ይሠራል፤ እንዲያውም እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል። «መሬቱ ባዶ ነበር» የሚለው ብዙ ጊዜ ከሰማ የተሰማ ነው። አባትየው ጥጥ ለቃሚ ሆኖ ሲደርስ ምንጣሮው ካለቀ ቆይቷል፤ ባዶ የተባለውን መሬት በዐይኑ አላየም፤ ከካቦው ሰምቶት ነው። ልጁ ከአባቱ ሰማ። ይህ ሲገለጥ ቤተሰቡ አይዋረድም። አባትየው ግን ያየው ብዙ ነገር አለ፤ ሚዛኑ የት እንደቆመ፣ በኪሎ ስንት እንደተከፈለው፣ የመጀመሪያ ሌሊቱን የት እንዳደረ፣ ወባ ሲይዘው ማን ውኃ እንዳቀመሰው። ወተት የሸጠለት ማን ነበር? ጥጃ ጠባቂው ልጅ ከማን ጋር ተጫወተ? ስለ አፋር ጎረቤት የሚታወቀው ከእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ እንጂ «ከአፋሮች ጋር ያላችሁ ግንኙነት እንዴት ነበር?» ከሚለው አይደለም። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ «ጥሩ ነበር» ከሚል ቃል ሌላ አያፈራም።

የቦታ ስም ሌላው ብዙ የሚጠፋበት ነገር ነው። አንድ ቦታ የአፋርኛ ስም፣ የኦሮምኛ ስም፣ የካምፕ ቁጥርና ሠራተኛው ያወጣለት ቅጽል ሊኖረው ይችላል። መልካ ወረርና መልካ ሰዲ የሚሉት ስሞች ራሳቸው መልካ፣ ማለትም የወንዝ መሻገሪያ፣ ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጡ ናቸው። አራቱም ይጻፉ። አፋርኛን ከላቲኑ ወደ ፊደላችን የሚመልስ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ በአፋርኛ አጻጻፍ የላቲኑ ኪው የምትወክለው የዐይኑን ዓ ነው፤ ሲ የምትባለው ሐ ነች፤ ኤክስ የምትባለው ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ የሚነገረው ድ ነች። ይህን ያላወቀ ጸሐፊ አፋርን «ቃፋር»፣ አይሳዒታን (አሳይታን) «አይሳቂታ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ከካርታ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። አጠራሩ በተናጋሪው ድምፅ ለብቻው ሦስት ጊዜ ይቀረጽ፤ ከቦታው ላይ የጂፒኤስ ቁጥር ይወሰድ። ከነጥብ በኋላ 4 አኃዝ ካለ ስሕተቱ 11 ሜትር ገደማ ነው፤ 5 ከሆነ 1 ሜትር። አምስቱን ጻፉ።

ከቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚነገር የቦታ ትዝታ ግማሽ ነው። ሽማግሌው መሄድ ከቻለ ይኬድ። ካልቻለ አሸዋ ላይ ይሣል፤ ወንዙን በዱላ፣ ካምፑን በጠጠር፣ የከብት መንገዱን በጣት። ሥዕሉን ንፋስ ሳይበትነው ከላይ ፎቶ አንሡት፤ አንድ ዱላ ሰሜንን እንዲያመለክት አስቀምጡና እሱም ፎቶው ውስጥ ይግባ። የከብት መንገዱ ላይ ቆዩ። ቦይ ሲቆፈር መንጋው ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ በየት ተቆረጠ? ድልድይ ተሠራለት ወይ? ስንት ኪሎ ሜትር ዞረ? ዳርቻው ቀጥ ባለ ቦይ የገባ ከብት መውጫ ያጣል፤ መድኃኒት የተረጨበት ማሳ የገባ ከብት ይታመማል፤ የአርብቶ አደሩና የእርሻው ጠብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ አንድ ነጥብ ነው።

ዛሬ ያንን መሬት በዐይን አይቶ የድሮውን መገመት አይቻልም። በ1970ዎቹ ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾኻማ ዛፍ ብዙውን ወንዝ ዳር ይዞታል። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው፤ ዘመኑን ስሙ ይዞታል። ፍየሉና ከብቱ ጣፋጩን ፍሬ ይበላል፣ ዘሩ ሳይፈጭ በፋንድያ ይወጣል፣ በመንጋው መንገድ ሁሉ ይበቅላል። መልካ ሰዲ አካባቢ ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው በመስኖ ምክንያት ወደ ላይ ወጥቶ ጨው ያወጣበት ማሳ ተጥሎ እሾኹ ወርሶታል። የበሰቃ ሐይቅም ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ሥሩ የነበረውን ሰፈርና መንገድ ማየት አይቻልም። ስለዚህ የዕፅዋቱ ስም ይጠየቅ፦ ዱርፉ የሚባለው ሣር እስከ የት ነበር? ከሰልቶ የሚባለው ግራር የት ቆመ? መቼ ተቆረጠ? ሠራተኛውም ምንጣሮው ላይ ከነበረ ምን እንደመነጠረ ያውቃል፤ ከሰል ያከሰለበትን ዛፍ ማን ይረሳል።

የላንድሳት ሳተላይት ሥዕሎች ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ በነጻ ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥራት ዝቅተኛ ነው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ስፋት 60 እስከ 80 ሜትር ስለሆነ ጎጆ አይታይም፤ ማሳ፣ ጎርፍና ለምለም ሣር ግን ይለያል። እዚህም ወሩን ተመልከቱ። የነሐሴን ሥዕል ይዞ «ሰው አልነበረም» ማለት የአባቶቹን ስሕተት በመሣሪያ መድገም ነው። ከአንድ ዓመት ሁለት ሥዕል ይወሰድ፤ አንዱ ከካርማ በኋላ፣ አንዱ ከሐጋይ።

ስለ ቀረጻው አጠር አድርገን እንንገር። ዱብቲና አሳይታ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሥራው ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ይሁን። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ስልክ በሙቀት ራሱን ይዘጋል፤ ቀረጻው በመሀል ይቋረጣል። ንፋሱ የድምፁ ጠላት ነው፤ ማይክሮፎኑ ላይ ፀጉራም ሽፋን ይደረግ፤ ከሌለ ወፍራም ካልሲ ከምንም ይሻላል። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ተኩል ይራቅ፤ ጠረጴዛ ወይም ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ። ዋናው ቅጂ ያልተጨመቀ ዌቭ ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን፤ በአንድ ቻናል አንድ ሰዓት 520 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። አንድ ቁጭታ ከ90 ደቂቃ አይብለጥ። የፋይሉ ስም ቀን፣ ቦታና ተራ ቁጥር ይሁን እንጂ የሰው ስም አይሁን።

በቤተሰብ እጅ ያሉ ወረቀቶች፣ ማለትም የሠራተኛ መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የሕክምና ካርድ፣ ከድምፁ ባልተናነሰ ይጠቅማሉ፤ ወር የተጻፈባቸው ናቸውና። በ600 ዲፒአይ ስካን ይደረጉ፤ ጀርባቸውም ይነሣ፤ የፎቶ ቤት ማኅተምና ቀን ያለው ከኋላ ነው። አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ አይላጥ፤ ከነገጹ ይነሣ። የተቀደደውን በስኮች አታያይዙት፤ ሙጫው ይቢጫል፣ ቀለሙን ይበላል። ላሚኔትም አይደረግ፤ አንዴ ከታሸገ መመለሻ የለውም። ጀርባው ላይ መጻፍ ግድ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ።

ሥራው በብዛት የሚበላሸው ትርጉም ላይ ነው። ሽማግሌው አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ አስተርጓሚው «ድሮ ጥሩ ነበር ይላል» ብሎ ይጨርሰዋል። የቦታ ስሙ፣ የጎሳው ስም፣ «ከእገሌ ሰማሁ» ያለው ሁሉ በዚያች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ቀረጻው በአፋርኛ፣ ጠያቂውም አፋርኛ ተናጋሪ ይሁን። ካልተቻለ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ይቁም። ትርጉሙ በቦታው በተባለው አይጸና፤ ከቅጂው እንደገና በአፋርኛ ይጻፍ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ይመለስ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ብቻ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል፤ በጀት ሲያዝ ይህ ይታሰብ፤ ካልታሰበ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛ ሰው ከየሰዓቱ 10 ደቂቃ መርጦ ያመሳክር። ለወላይትኛና ለከምባትኛ ተናጋሪዎችም ይኸው ነው፤ አማርኛ ይችላሉ ተብሎ በአማርኛ ብቻ የተጠየቁ እናቶች በአፍ መፍቻቸው የሚናገሩትን ሩቡን አይናገሩም።

ሴቶችን አስመልክቶ አንድ ነገር በደንብ ይያዝ። የአፋርን ቤት የምትሠራው፣ የምታፈርሰውና ግመል ላይ የምትጭነው ሴቷ ናት፤ ስለዚህ የት እንደታደረ፣ ስንት ቀን እንደተጓዙ፣ ውኃ ከየት እንደተቀዳ የምታውቀው እሷ ናት። ወንድ ጠያቂ ከባልየው ፊት ሲጠይቃት «እሱ ያውቃል» ትላለች። ሴት ጠያቂ፣ ለብቻ፣ ሥራዋን እየሠራች ሰሌን ስትታታ ይሻላል። በካምፑም ሽሮ የሸጠች፣ ጠላ የጠመቀች፣ ከአፋር ሴቶች ቅቤ የገዛች እናት የገበያውን ታሪክ ከጡረተኛው ካቦ አብልጣ ታውቃለች።

ፈቃድ በፊርማ ብቻ አይበቃም። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት ማስፈረም ፈቃድ አይባልም፤ በቋንቋው ተነግሮት መልሱ ይቀረጽ። ማን ይሰማዋል? በጋዜጣ ይወጣል? ለመሬት ክርክር ሊጠራ ይችላል? እነዚህ ሦስቱ በግልጽ ይጠየቁ። የውኃ ጉድጓድና የግጦሽ ወሰን የሚናገር ቅጂ በማግስቱ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ተናጋሪው ይወቅ። ከጎረቤት ጋር ስለፈሰሰ ደም የተነገረ ነገር ደግሞ ተለይቶ ይታሸግ። በአፋር ባህላዊ ሕግ፣ በማድዓ፣ ካሳ ተከፍሎ የተዘጋ ጉዳይን በስም ጠርቶ ማተም የተዘጋውን መክፈት ነው። ስሞቹ ይውጡ፣ ወይም ቤተሰቡ በሚወስነው ዓመት ይቆይ።

ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ማስቀመጥ የሚቻለው እያንዳንዱ ለብቻው ከተቀረጸ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከተደረገ ይሉኝታው ያሸንፋል፤ አንዱ ያለውን ሌላው ያጸድቃል። ከቀረጻው በኋላ ግን ከቦይ ዳር ወይም ከድሮው ሚዛን ቤት ፍርስራሽ አጠገብ የሁለቱን ወገን አረጋውያን ማገናኘት ብዙ ነገር ያጠራል፤ በአንድ ወር ውስጥ የሆነውን አንዱ ከማሳው በኩል፣ ሌላው ከመንጋው በኩል ሲናገር ቀኑ ራሱ ይወጣል።

ጊዜው አጭር ነው። በነሐሴ 2012 አዋሽ ሞልቶ አሚባራንና ሌሎች ወረዳዎችን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። በ2017 ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀዬአቸው ተነሥተዋል። ከቀዬው የተነሣ ሽማግሌ ቦታውን በዱላው ሊያሳይ አይችልም፤ ተጣድፎ የወጣ ቤተሰብ የደመወዝ ወረቀቱን ሣጥን ይዞ አይወጣም። በ1954 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ80 አልፏል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ከእርሻው በፊት የነበረውን በዐይናቸው ያዩ አፋሮች፣ ምንጣሮውን ራሳቸው የሠሩ ሠራተኞች፣ ከዚያ ሌላው።

ቅጂው ሦስት ይሁን፣ ሁለቱ በተለያየ ከተማ። አንዱ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢቀመጥ መልካም ነው። ሦስተኛው ለተናጋሪው ቤተሰብ ይሰጥ፤ በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ የተቀየረ አንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በማንኛውም ስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይሄዳል። በጽሑፍ የታተመ መጽሐፍ ብቻ ወስዶ ማስረከብ ለማያነብ ሰው ምንም እንዳልተመለሰለት ይቆጠራል።

ለዝግጅት ክፍሉ የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ከእንግዲህ ስለ አዋሽ ሸለቆ የቤተሰብ ትዝታ ስታትሙ ከርዕሱ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ ወሩ ወይም ወቅቱ፣ የቦታው ስም በአፋርኛና በካምፑ መጠሪያ፣ ተናጋሪው ያየው ወይስ የሰማው መሆኑ። ጸሐፊው መልሱን ካላገኘ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ተመልሶ ይጠይቅ፤ አባቱ ወይም እናቱ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ስልክ ይደውል። መጀመሪያ የሚጠይቀውም «ካምፑ ስትገቡ ጥጡ ፈንድቶ ነበር?» የሚለውን ይሁን።

በአዋሽ ሸለቆ የቃል ታሪክ ከሚቀርጹ አንባብያን